በጽዱ ሥር ያለው አጥንትና የመምህር ዋልልኝ አዳነ ዜና ሕይወት

ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፣ የሌሊቱ ዝናብ አባርቶ የጉና ራስ ገና በጉም እንደ ተሸፈነ፣ መምህር ዋልልኝ አዳነ በደብረ ታቦር ከተማ በመኖሪያ ቤታቸው በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

መምህር ዋልልኝ ከአባታቸው ከአቶ አዳነ ወርቁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሰች መልካሙ፣ ከገሳይ ከፍ ብሎ በሚገኘው በዚህ አጥቢያ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደልና ዳዊትን ከደብሩ የኔታ ተምረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በደብረ ታቦር ፈጽመው፣ በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት ሳይንስን አስተማሩ። ወይዘሮ ዓይናለም ዘውዱን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ብርቱካንንና ሙሉቀንን አፈሩ።

ተማሪዎቻቸው በስተኋላቸው «አጥንት ለቃሚው» ይሏቸው ነበር፤ እርሳቸውም ይህን እያወቁ ይስቁ ነበር። በሜዳ የሞተውን እንስሳ ጅብና ጥንብ አንሣ እንደሚበታትነው፣ የተረፈውንም ፀሐይና ዝናብ እንደሚፈጨው፣ ድንገት የወረደ የጭቃ ናዳ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ በአንድ ጊዜ የሸፈነው ግን ከአውሬም ከነፋስም ተሰውሮ እንደሚቆይ፣ በአመዱ ውስጥ የሚሰርገውም ውኃ ማዕድን ተሸክሞ በአጥንቱ ቀዳዳ ሁሉ እየገባ ከረጅም ዘመን በኋላ ደንጊያ እንደሚያደርገው ሲያስረዱ፣ ትምህርታቸውን ሁልጊዜ «ቶሎ የተቀበረ ይቆያል» በሚል ቃል ይደመድሙ ነበር።

ከክፉው ቀን፣ ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. መስከረም፣ የክረምቱ ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ውስጥ፣ ጉና እሳት ይተፋ በነበረበት ዘመን በአመድ የተዋጠች፣ ጎሽ የምትመስል እንስሳ ከነጥጃዋ ደንጊያ ሆና አገኙ፤ ጥጃዋም ከጎኗ እንደ ተጠጋ ነበር። የእናቲቱን የጭን አጥንት ብቻ አውጥተው፣ ምንነቱን ሳይናገሩ በወላጆቻቸው ቤት አኑረው፣ ለባለሙያ ሊያስታውቁ ወደ ደብረ ታቦር ወረዱ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ግን አጥንቱ በአቡጀዲ ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርሶለት፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጽድ ሥር ሲቀበር ደረሱ። የእናታቸው ወንድም አቶ አያሌው በክፉው ቀን እህል ፍለጋ ወደ እብናት ወርደው አልተመለሱም ነበርና፣ ወይዘሮ ካሰች አጥንቱን የወንድሜ ነው ብለው ነበር። ከሽማግሌዎች አንዱ በርዝመቱ ቢጠራጠሩ፣ ሌላው አያሌውም እኮ ረጅም ነበር ብለው ጸጥ አሰኟቸው። እናትም ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፣ «ወንድሜ አገሩ ገባልኝ፤ እንግዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል» አሉ። መምህር ዋልልኝ አካፋውን ተቀብለው አብረው አፈር መለሱ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ የተቀረው አጥንት ወጥቶ እውነቱ ከእናታቸው ጆሮ እንዳይደርስ፣ ገደሉን ለማንም ሳያሳዩ ኖሩ። እናታቸው በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም፣ ያን ዕለት ያለቀሰውን ሕዝብ ማሳፈር እየከበዳቸው ነገሩን ከዓመት ወደ ዓመት አሳደሩት። በኩላሊት ሕመም ሦስት ዓመት ሲሠቃዩ ከርመው፣ ባለፈው ሰኔ ከዓረብ አገር ለተመለሰችው ልጃቸው ለብርቱካን ሁሉን ነገሯት። ገደሉ በየክረምቱ እየተናደ መልኩን ስለሚለውጥ በቃል ሊያመለክቱት እንደማይችሉ፣ በጥቅምት ውኃው ሲጎድል ግን እጇን ይዘው እንደሚያደርሷት ቃል ገቡላት። ምናልባት ካልደረስሁ ብለውም፣ ይህ ነገር አፈር ከመልበሳቸው በፊት በፊታችሁ እንዲነበብ፣ ይቅርታም እንዲጠየቅላቸው፣ በጽዱ ሥር ያለው መቃብር ግን የፈሰሰበት እንባ እውነተኛ ነበርና ከቶ እንዳይከፈት አዘዙ። እነሆ በትእዛዛቸው መሠረት ተነበበ፤ እናንተም ይቅር በሏቸው።

መምህር ዋልልኝ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓይናለምን፣ ልጆቻቸውን ብርቱካንንና ሙሉቀንን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከአፈር ያበጀን፣ ወደ አፈርም የሚመልሰን አምላክ ስለ እናታቸው ዕረፍት ዝም ያሉትን እኚህን ሰው በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ የአቶ አያሌውንም አጥንት፣ ባለበት ስፍራ ሁሉ፣ እርሱ ይጠብቅልን።

ጥጃው የተኛበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ግን ከእንግዲህ የለም።