ቀይ ያልተገኘበት ስላይድ

በአንዲት የገበያ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት በኋላ፤ መብራት ስለጠፋ ማይክሮስኮፑ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ረድኤት ጥቁር ለለበሰችው ለወይዘሮ እታፈራሁ ክዳን ያላት ትንሽ ኩባያ ታቀብላለች።

ረድኤት፦ አክታውን እዚህች ውስጥ ነው የሚያደርጉልኝ፣ እትዬ። ከደረት የወጣ ይሁን። አሁኑኑ ቢሆን ጥሩ ነው።

እታፈራሁ፦ ምን አልሽኝ?

ረድኤት፦ አክታ። ብዙ አያስፈልግም፤ ማንኪያ የማይሞላ።

እታፈራሁ፦ አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ባሌን ከቀበርኩት ሁለት ወር ሆነኝ። የሞተ ሰው አክታ ከየት አመጣልሻለሁ? መቃብር ልቆፍር?

ረድኤት፦ ኧረ በስመ አብ! የእርስዎን ነው እንጂ፣ እትዬ፤ የራስዎን። ሳንባ ነቀርሳ የገባበት ቤት ያለ ሰው ሁሉ መመርመር አለበት። የጤና ኤክስቴንሽኗን ልኬብዎት ነበር፤ እሷ ነግራዎት የመጡ መስሎኝ እኮ ነው።

እታፈራሁ፦ የኔን? የኔን ተይው። እኔ አልሳልም።

ረድኤት፦ ማታ ማታ ላብ? ትኩሳት? ክብደት መቀነስስ?

እታፈራሁ፦ የቀነስኩትስ በሌላ ነው። አልሳልም አልኩሽ። ደረቴ እንደ ከበሮ ነው፣ ብትመቺው ይጮኻል።

ረድኤት፦ እሺ፣ ሳል ከሌለ አክታም አይኖርም። ታዲያ ምን ልታዘዝ?

እታፈራሁ፦ የሞላልኝን አሳዪኝ።

ረድኤት፦ የአቶ ሞላልኝን ምን?

እታፈራሁ፦ ያንን መስታወት። አክታውን የቀባሽበትን። የዛሬ ስድስት ወር አይተሽ «የለም» ብለሽ የጻፍሽለትን። ከአራት ወር በኋላ ሆስፒታል ስናደርሰው «ሳንባው አልቋል፣ እስካሁን የት ነበራችሁ?» አሉን። በሳምንቱ ሞተ። መስታወቱን አትጥሉትም አሉ።

ረድኤት፦ አንጥለውም። ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው ሣጥን ውስጥ ይቆያል። የእሳቸውን ደግሞ ወረዳ ከተከሰስኩ ወዲህ ለብቻው ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። ከሳሼ አቶ ጌታነህ ናቸው የላኩዎት?

እታፈራሁ፦ የባሌ ወንድም የሚልከው ወረቀት ነው፤ እኔን አይልከኝም። እኔ የመጣሁት በዓይኔ ላየው ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል።

ረድኤት፦ ክሱ ከጸና የሙያ ፈቃዴን እንደሚነጥቁኝ ያውቃሉ?

እታፈራሁ፦ አውቃለሁ። አሳዪኝ።

ረድኤት፦ እሺ። ወደ መስኮቱ ይጠጉ፤ በፀሐይ ነው የምናየው። መጀመሪያ ግን የሌላ ሰው ላሳይዎት፣ በሽታው ያለበትን። ያለውን ያላየ ሰው የሌለውን አያውቀውም።

እታፈራሁ፦ የማን ነው?

ረድኤት፦ ስም የለውም፣ ቁጥር ነው። ሰውየው ድኗል።

እታፈራሁ፦ ድኗል?

ረድኤት፦ መድኃኒቱን ስድስት ወር ውጦ ድኗል።

እታፈራሁ፦ ይኑር። እሱ ምን አደረገኝ።

ረድኤት፦ አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እንዳይነካዎት፣ መስታወቱ፣ ስላይዱ ላይ ዘይት አለ። ምን ይታይዎታል?

እታፈራሁ፦ ሰማያዊ። ሁሉም ሰማያዊ ነው።

ረድኤት፦ ሰማያዊው ውስጥ ቀይ ይፈልጉ። ቀጭን ነገር። አይቸኩሉ።

እታፈራሁ፦ የለ... ቆይ። ቆይ፣ አየሁ! ክር ነው። የቀይ ክር ብጣሽ። ሞላልኝ ቀሚስ ጠርዞ ሲጨርስ ወለሉ ላይ የሚቀረው ዓይነት።

ረድኤት፦ እሱ ነው።

እታፈራሁ፦ ይቺ? ይቺ ናት?

ረድኤት፦ ይቺ ናት።

እታፈራሁ፦ ያን የሚያህል ሰው! በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው!

ረድኤት፦ አንዷ ብቻዋን አይደለችም፤ ትራባለች። አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አራት እየሆነች።

እታፈራሁ፦ ቀይ ሆና ነው የተፈጠረችው?

ረድኤት፦ ቀለም የላትም። የነከርኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሁሉንም በቀይ እነክርና ከሥር በእሳት አሞቀዋለሁ፣ ቀለሙ እንዲገባ። ከዚያ በአሲድ አጥበዋለሁ። ያን ጊዜ የሌላው ሁሉ ቀይ ይለቃል፤ የእሷ አይለቅም። ዙሪያዋን ያጠረው ግድግዳ ሰም የለበሰ ነው፤ አንዴ የገባበትን አያስወጣም። መጨረሻ ላይ ሰማያዊ እደርብበታለሁ፤ የለቀቀው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ እሷ በቀይዋ ትቀራለች። የምንለያት በዚህ ነው።

እታፈራሁ፦ እንግዲያ ደህና ጨርቅ ናት በይኛ። የማይለቅ። ሞላልኝ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲፈልግ ኖሮ ሞተ።

ረድኤት፦ ይቀመጡ፣ እትዬ። ውሃ ላምጣልዎት?

እታፈራሁ፦ ውሃ አልጠማኝም። አሁን የሱን አምጪ።

ረድኤት፦ ባያዩት ምናለ...

እታፈራሁ፦ አምጪ አልኩሽ።

ረድኤት፦ ይኸው። ይመልከቱ።

እታፈራሁ፦ የታለ ቀዩ?

ረድኤት፦ የለም።

እታፈራሁ፦ ሌላ ቦታውን አሳዪኝ። አዙሪው።

ረድኤት፦ አዞርኩት።

እታፈራሁ፦ እዚህም የለም። ጠርዙ ላይስ? ከጠርዙ አትደበቅም?

ረድኤት፦ እትዬ፣ ክሱ ከመጣ ጀምሮ ይህን ስላይድ በየቀኑ አያለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሌላ ባለሙያም ጠርቼ አሳይቻለሁ።

እታፈራሁ፦ አንዲትም?

ረድኤት፦ አንዲትም።

እታፈራሁ፦ አንዲት ብቻ ብትገኝ እኮ ይበቃኝ ነበር።

ረድኤት፦ እንድትገኝ ለምን ይፈልጋሉ?

እታፈራሁ፦ ዝም ብዬ ነው። ይሄ ሰፊው ምንድን ነው? እንደ ቅጠል የተዘረጋው፣ መሀሉ ላይ ነጥብ ያለው?

ረድኤት፦ የሰው ሴል ነው። ነጥቡ አስኳሉ ነው፤ ሴሉን የሚያዝዘው እሱ ነው። ሰውነታችን በሙሉ የተሠራው በሴል ነው፣ በዓይን አይታይም እንጂ።

እታፈራሁ፦ በላዩ ላይ የተበተኑት ነጠብጣቦችስ? እንደ ሰሊጥ?

ረድኤት፦ የአፍ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ አስኳል የላቸውም። ሁላችንም አፍ ውስጥ ይኖራሉ፤ እዚያው እስካሉ ክፋት የላቸውም።

እታፈራሁ፦ እና ቅጠሉ፣ ሴሉ፣ ከሞላልኝ ሳንባ የወጣ ነው?

ረድኤት፦ ይቆዩ፣ መስታወቱን ላስተካክልልዎት።

እታፈራሁ፦ መስታወቱን ተይው፤ የጠየቅኩሽን መልሺልኝ።

ረድኤት፦ አይደለም፣ እትዬ። ከጉንጭ የተላጠ ነው። ሳንባ እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ሴል አይሰጥም። ከታመመ ደረት የወጣ አክታ መግል ይኖረዋል፤ ትንንሽ ክብ ሴሎች፣ አስኳላቸው የተከፋፈለ። መጀመሪያ ያየነው ላይ ሞልተው ነበር። እዚህ አንድም የለም። ይሄ አክታ አይደለም። ምራቅ ነው።

እታፈራሁ፦ ምራቅ።

ረድኤት፦ ያኔም አውቄ ነበር።

እታፈራሁ፦ ምን አልሽ?

ረድኤት፦ የገበያ ቀን ነበር። ሰልፉ ከዚህ በር እስከ ዋርካው ደርሶ ነበር። ምራቅ ሲመጣ «ይህ አይሆንም፣ ሌላ አምጡ» ብሎ መመለስ ነው ሕጉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አልተናገርኳትም። ቀይ ፈለግሁ፣ ቀይ አጣሁ፣ «የለም» ብዬ ጽፌ ማኅተም መታሁበት። ውሸት አልጻፍኩም፤ እውነትም አልጻፍኩም። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለእርስዎ ነው የመጀመሪያዬ።

እታፈራሁ፦ ለምን ለኔ?

ረድኤት፦ የሞቱት ባልዎ ናቸዋ።

እታፈራሁ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። የወንድ ጉንጭና የሴት ጉንጭ በዚህ ይለያል?

ረድኤት፦ በዚህ ቀለም አይለይም።

እታፈራሁ፦ የጤነኛና የበሽተኛስ?

ረድኤት፦ ጉንጩ አይለይም።

እታፈራሁ፦ እንግዲያ ይሄ የማን እንደሆነ ራሱ አይናገርም።

ረድኤት፦ ራሱ አይናገርም። የሚናገረው ኩባያው ላይ የተጻፈው ስም ነው።

እታፈራሁ፦ ስሙን ማን ጻፈው?

ረድኤት፦ እኔ። አቶ ሞላልኝ በዋዜማው መጥተው ነበር፤ በስማቸው ጽፌ ሰጠኋቸው። «ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ» አልኳቸው።

እታፈራሁ፦ ጠዋትስ ማን ይዞልሽ መጣ?

ረድኤት፦ እርስዎ ነዎት። በነጠላዎ ሸፍነው።

እታፈራሁ፦ እኔ ነኝ።

ረድኤት፦ እትዬ?

እታፈራሁ፦ «አልሸሹም ዞር አሉ» ይባላል። ስዞርሽ ዋልኩ። ያ ጉንጭ የኔ ነው።

ረድኤት፦ እንዴት... እንዴት እንዲህ ይሆናል?

እታፈራሁ፦ ልብስ ሰፊ መርፌ ላይ ክር ሲሰካ አይተሽ ታውቂያለሽ? የክሩን ጫፍ አፉ ውስጥ ከቶ በምራቁ ያሾለዋል። በቀን መቶ ጊዜ። «ደረቱን ያመዋል ከተባለ፣ ምራቄ የነካውን ቀሚስ ማን ለልጁ ያለብሳል?» አለኝ። ኩባያውን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «አንቺ ትፊበት፤ የአንድ ቤት ምራቅ አንድ ነው» አለ። ሳቅን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ እሱ እያሳለው፣ እኔ እየተፋሁ፣ ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ረድኤት፦ ወይኔ፣ እትዬ።

እታፈራሁ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እየተባልን ነው ያደግነው። እሱ ጠርዝ ውስጥ አጥፎ ሰፋው፣ እኔ ክር አቀበልኩት።

ረድኤት፦ ውጤቱ ሲደርሳቸውስ?

እታፈራሁ፦ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በእስፒል ሰካው። ገበያተኛው እንዲያነብ። የሚገርምሽ፣ ወር ሳይሞላ እሱ ራሱ አመነው። ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ «እንሂድ፣ ዛሬስ እውነተኛውን እንስጥ» ስለው «ወረቀቱን አላየሽም?» ይለኛል። «ሞላልኝ፣ የኔ ምራቅ እኮ ነው!» እለዋለሁ። «ማኅተም አለው» ይለኛል።

ረድኤት፦ የኔ ማኅተም።

እታፈራሁ፦ በኋላማ እኔም ወደማመኑ ሄድኩ። ማመን ይቀላል።

ረድኤት፦ ያን ቀን ምራቅ ነው ብዬ ብመልሰው ኖሮ እሳቸውን ራሳቸውን አስጠርቼ፣ ደጅ ፀሐዩ ላይ አቁሜ፣ አጠገባቸው ሆኜ እንዲስሉ አደርጋቸው ነበር። እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ሰልፍ ከሌለ። ጥፋቱ የኔ ነው።

እታፈራሁ፦ እኔ ባልተፋበት የምትመልሺው ነገር አይኖርም ነበር።

ረድኤት፦ ቢሆንም አውቄው ነው የለቀቅሁት።

እታፈራሁ፦ የኔ ነው አልኩሽ! ባሌን ቀብሬ፣ ደግሞ ጥፋቴን ልትነጥቂኝ ነው?

ረድኤት፦ አልነጥቅዎትም።

እታፈራሁ፦ ቆይ እስቲ። ለምን አትለምኚኝም? «ወረዳ ሂጂና ይህን ንገሪልኝ» አትዪኝም? ያላየሽው እኮ የሌለውን ነው። የተከሰስሽው ያለውን አላየችም ተብለሽ ነው።

ረድኤት፦ ቢናገሩ አቶ ጌታነህ ከቤቱ ያስወጡዎታል። የአባታቸው ቤት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

እታፈራሁ፦ ያስወጣኛል። «ወንድሜን የገደለው ላቦራቶሪው ነው» እስካለ ድረስ ነው እዚያ የማድረው።

ረድኤት፦ ታዲያ ምን ብዬ እለምንዎታለሁ?

እታፈራሁ፦ አትሁኚ እንዲህ። ተቆጪ። ስደቢኝ። ሰው እንዲህ ሳይቆጣ ሲቀር ያስፈራል።

ረድኤት፦ መሳደብ አልችልበትም፣ እትዬ።

እታፈራሁ፦ እንግዲያ ስሚኝ። ለምን እንደመጣሁ አልነገርኩሽም። ዛሬ ጠዋት ወረዳ ነበርኩ። ጌታነህ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «አክታውን ራሱ ባለቤቴ ሰጥቷል፣ ባለሙያዋ በሽታውን ሳታይ ቀረች» የሚል ወረቀት አነበቡልኝና ፈረምኩበት። ፈርሜብሻለሁ፣ ልጄ። ከዚያ ቤቴ መግባት አቃተኝ። ምናልባት አንዲት ቀይ ከተገኘች አልኩ። አንዲት ብትገኝ ፊርማዬ እውነት ይሆናል። በሽተኛዋ እኔ ሆኜ ብገኝም ግድ የለኝም ነበር፤ ይሻለኝ ነበር። አሁን ግን አየሁ፣ ባዶ ነው። ልመለስ። ወረዳው እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው? ቤቱንም ይውሰደው። ሄጄ ላሰርዘው።

ረድኤት፦ መፈረምዎን አውቃለሁ፣ እትዬ። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ፊርማዎን የሚጠቅስ ደብዳቤ ከወረዳ ደርሶኛል። ከዛሬ ጀምሮ ታግጃለሁ፤ ወረዳው በሚዘጋበት በአሥራ አንድ ሰዓት የላቦራቶሪውን ቁልፍ አስረክባለሁ።