የአዞ ሐረግን ምሥጢር ለጎረቤት የገለጡት ወይዘሮ አዛለች ገብረ ክርስቶስ

ወይዘሮ አዛለች ገብረ ክርስቶስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባየሁ ደምሴ በመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ዝቅ ብሎ ባለው ቆላ በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። በዘመኑ ሴት ልጅን ማስተማር እምብዛም ባይለመድም አባታቸው ፊደል አስቆጥረው ለዳዊት አበቋቸው፤ በገደሉ ዛፎች ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣውን አዞ ሐረግ አሳይተውም ግንዱ ቤትና አጥር እንደሚያስር፣ የተወቀጠ ቅጠሉ ቁስል እንደሚያደርቅ አስተማሯቸው፤ የቅጠሉን ነገር ግን ለማንም እንዳይናገሩ አስማሏቸው።

በ1959 ዓ.ም. ከመንዙ ተወላጅ ከአቶ መርስዔ ኃዘን ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ገብስ እያረሱና በግ እያረቡ ታዲዮስንና እታገኝን ወልደዋል። ባለቤታቸው ጎጆ ሲቀልሱ ማሰሪያውን ሐረግ ከሸለቆ ቆርጠው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። ቁስለኛ ሲመጣባቸውም በራቸውን ዘግተው ቅጠሉን ወቅጠው ያስሩለት ነበር እንጂ ምን እንደሆነ አይናገሩም።

በ1989 ዓ.ም. የወንድማቸው የአቶ ኪዳነ ልጅ፣ ማለትም ይህን የማነብላችሁ እኔ ኮከብ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ እሳቸው ቤት ሳለሁ እግሬ ቆስሎ ቅጠሉን አሰሩልኝና ለአጨዳ ወጡ። ቶሎ መፈታት እንዳለበት ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ በቤቱ ስላልነበረ፣ ሲመለሱ እግሬ በእሳት የተቃጠለ መስሎ አገኙት። አዝለውኝ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ፤ ሦስት ሳምንትም ከአጠገቤ አልተለዩም። አባቴ ሊያጽናኗቸው ቢሞክሩ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሐረጉ አታሳብብልኝ» አሏቸው።

እንደዳንኩም ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው፣ በማርያም ማኅበር ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ሐረጉን በእጃቸው ይዘው የሚያድንበትንም የሚያቃጥልበትንም አንድ በአንድ አስረዱ። አንድ ሽማግሌ «መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል» ቢሏቸው «ሳይነገር የልጄን እግር በላ፤ ይነገርና ይጥፋ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ቁስል ያለበትን ሁሉ እየመከሩ፣ እምቢ ያለውንም እየተቆጡ ወደ ጤና ጣቢያ ሲልኩ ኖረዋል።

ወይዘሮ አዛለች ባደረባቸው የልብ ሕመም በደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ለኃምሳ ስምንት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና እንደ ልጅ ያዩኝን እኔን ትተው ሄደዋል።

የደከሙበትን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ለጋሽ መርስዔ ኃዘንና ለሁላችንም መጽናናቱን ያድለን፤ አሜን።