ካርቶን አይሰካም፦ ለጋሽ እንድርያስ

ዛሬ ጠዋት የቴፒ ቢሯችን የሳምንቱን ዜና በራሱ ሞደም፣ በራሱ መስመር ልኳል። እዚህ ሚዛን ከተማ ሆኜ የተቀበልኩት እኔ፣ የዜና አርታኢው ነኝ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ጋሽ እንድርያስ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ምንም አልነካም።

ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ ሰው ወደ ጋዜጣችን የመጣበትን ቀን ላንሳ። ወይዘሮ አስካለች፣ ባለቤትዎ ይህን ቤት ውስጥ ነግሮዎት ከሆነ አሳጥሮ ነው የነገረዎት።

አዲስ የገጽ ቅንብር ሠራተኛ ይመጣል ተብሎ ስንጠብቅ፣ አንድ ረጅም ሰው የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ በትከሻው አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። ይዘንብ ነበር፤ ሚዛን መቼ ዝናብ አጥቶ ያውቃል! ያኔ ዋና አዘጋጅ የነበሩት አቶ ጌታሁን ገመዱን አዩና፣ «የመብራት ሰው ነህ? ግባ፣ ግባ፤ ከመጣህ አይቀር ጣሪያውም ያፈሳል» አሉት። ወጣ። ቆርቆሮውን አጠበቀ፣ የተበላሸ ሶኬት ቀየረ፣ ወርዶ እጁን ታጠበና፣ «አሁን የገጽ ቅንብሩን ኮምፒውተር ታሳዩኛላችሁ?» አለ።

አቶ ጌታሁን ደነገጡ። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ያፈስ ነበራ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ የሚጠራው የገጽ ቅንብር ክፍል ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችሁ ጋሽ እንድርያስን የምታውቁት ሞደም ሲፈልግ ነው። ያ ሁሉ ፍለጋ ግን ራሱ ያመጣው ጣጣ ነው። ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተዛመተ ለኅትመት ያዘጋጀናቸውን ገጾች በበላ ማግስት፣ ጋሽ እንድርያስ ላፕቶፖቹን ሁሉ ሰበሰበ። ዊንዶውሱን አጠፋና ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሥርዓት ጫነባቸው። ቫይረሱ ጠፋ። ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ። ኢንተርኔት ለማግኘት ላፕቶፑ ላይ የምንሰካው፣ ገበያችን ላይ የነበረው ሞደም ከዊንዶውስ በቀር ሌላ አያውቅም።

«እንድርያስ፣ ዓለም ሁሉ እኮ በዊንዶውስ ነው የሚሠራው» አሉት አቶ ጌታሁን።

«የዓለም ሁሉ ገጽ በቫይረስ አልተበላም» አላቸው።

ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ብርሃነመስቀል እዚያ ጥግ ተቀምጧል፤ መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ወዳጃችን ነው። እሱ ይመስክር። ጋሽ እንድርያስ ሞደም ሊገዛ ሲሄድ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ከኮቱ ሥር ይዞ ነው። ሳይሰካ አይገዛም። ይሰካና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የሞደሙ ትንሽ መብራት ብልጭ እስክትል ይቆማል። ብርሃነመስቀል ካርቶኑን እያሳየ፣ «ይኸው፣ በማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራል ይላል እኮ» ሲለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ካርቶን አይሰካም።»

አንድ ቀን ብርሃነመስቀል ከሩቅ ሲመጣ አየውና የሱቁን መብራት አጠፋ። «ጋሼ፣ ዛሬ መብራት የለም።»

«ምንም አይደል፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለው።»

ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ያለው ሞደም በሙሉ ተሰካ። አንዱም አልሠራም። ምን አልክ ብርሃነመስቀል? «አንዱማ ሠርቷል»? እሺ፣ አንዱ ሠርቷል። እርማት እናወጣለን።

ሀጂራ፣ አትሸሸጊ፤ ተራሽ ነው። ሀጂራ የቴፒ ዘጋቢያችን ሆና በተቀጠረች ሰሞን አንድ ሞደም ተላከላት። ሞደሙ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ነበረበት። ላፕቶፑም ሞደምነቱን ሳይለይ እንደ ፍላሽ ከፈተላት። እሷም የቡና ገበያ ዜናዋን እዚያ ላይ ጫነች፣ ነቀለችና በወረቀት ጠቅልላ ወደ ሚዛን ለሚመጣ ሚኒባስ ረዳት ሰጠች። ጋሽ እንድርያስ ደወለ።

«ሀጂራ፣ ሞደሙ እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፤ ዜናውን በደንብ ያዘ።»

«መብራቱ አረንጓዴ ነው ቀይ?»

«እሱን አሁን ማየት አልችልም።»

«ለምን? የት ነው ያለው?»

«ሸኮን ሳያልፍ አይቀርም።»

ዜናው እስከዚያ ቀን በኢንተርኔት ከመጡት ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። እኛ ወንበር ይዘን ሳቅን። ጋሽ እንድርያስ ግን፣ «ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ላፕቶፑም እንደ እሷው ነው ያየው» ብሎ በማግስቱ ቴፒ ሄደ። ሄዶም አልሠራላትም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቧ ቆመና ራሷ እንድትሠራው አደረገ።

ዘንድሮ ያ ሞደም ተቃጠለ። እንደ እሱ ያለ ገበያ ላይ የለም፤ አዲሶቹን ደግሞ ላፕቶፑ አልቀበል አለ። ሀጂራ የገዛ ስልኳን ኢንተርኔት እያጋራች ሠራች። የጋዜጣው ቦርድ ይህን ሲሰማ፣ በዘጋቢ የግል ስልክ የሚሠራ ቢሮ ቢሮ አይባልም፤ የራሱ መስመር ካልኖረው ይዘጋና ሀጂራ ወደ ሚዛን ትዛወር አለ። የሀጂራ ቤት ቴፒ ነው፤ ልጆቿም እዚያው ይማራሉ።

የጋሽ እንድርያስ ጡረታ የደረሰው በዚሁ መሐል ነው። «ቴፒ ሳይገናኝ አልሄድም» አለ። ጡረታው ወጣ፣ ሰውየው አልወጣም። ወይዘሮ አስካለች፣ ሸኮ ያሉት ንቦቹ ሲጠብቁት እርስዎ ስንት ጊዜ ደውለው፣ «ዛሬም አልጨረሳችሁም?» እንዳሉኝ አልረሳሁም። ይቅርታዎን።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዱ ወደ ቴፒ ሊሳፈር ሲል ሀጂራ ደወለች። «አይምጡ ጋሼ፤ እኔ ራሴ ገበያ እወጣለሁ» አለችው። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ የቴፒን ሱቆች አንድ በአንድ ዞረች። አንዱ ሻጭ፣ «እህቴ፣ ልትገዢ ነው ወይስ ልትፈትኚ?» አላት። «ፈትኜ ልገዛ።» «ካርቶኑ ላይ ተጽፏል እኮ!» ምን ብላ እንደመለሰችለት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ብዙ ተሰክቶ፣ ብዙ ተነቅሎ፣ በመጨረሻ የማገናኘቱን ሥራ ራሱ የሚሠራ ሞደም ተገኘ። ላፕቶፑ እንደ ተራ የኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ ይጫንልኝ የሚለው ፕሮግራም የለም። መብራቷ ብልጭ አለች።

ዛሬ ጠዋት ዜናው ሲገባ ጋሽ እንድርያስ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበና፣ «ርእሱ ረዝሟል፤ ገጹ ላይ አይገባም» አለ። ከዚያ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ከኮቱ ሥር ላፕቶፕ ሳይኖር ሲሄድ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። በረጅሙ ተነፈስኩ። እሱም ደጅ ቆሞ ሲተነፍስ በመስኮት አይቼዋለሁ።

ጋሽ እንድርያስ፣ በአንተ ግትርነት ብዙ ተማርረናል። ግን ላፕቶፖቹን ከቀየርክ ወዲህ አንድም ገጽ አልጠፋብንም። ከእኛ መሐል ቀለል አድርገህ ያሳየኸው እንጂ ያሳፈርከው ሰው የለም። ስለዚህ ሁሉ በሁላችንም ስም እናመሰግንሃለን። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደግሞ ያለ ሐሳብ ልንሸኝህ እንችላለን፤ ትልቁ ስጦታህ ይኸው ነው።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ብርዙ ሸኮ ካሉት ከራሱ ቀፎዎች በመጣ ማር የተበጠበጠ ነው፤ ጴንጤውም ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አብሮ ይጠጣዋል። ቀፎህ ይሙላ፣ ንብህ ይርባ፣ ጣሪያህ አያፍስ። ዕድሜውን ከጤና ጋር ለአንተም ለወይዘሮ አስካለችም ይስጣችሁ። ለጋሽ እንድርያስ!

የቴፒ ቢሮ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ቦርዱ ማክሰኞ ጠዋት ይወስናል። ለቦርዱ የሚቀርበውን ሪፖርት የምትልከው ሀጂራ ናት፤ ከቴፒ፣ በሞደሟ። ጋሽ እንድርያስ ማክሰኞ ማር ቆረጣ ላይ ስለሆነ፣ ማንም እንዳይደውልለት።