ዙቤዳን ለማውረስ

ኦቦ ቱሳ አሰላ መናኸሪያ ውስጥ የሁሩታን መኪና ሲጠብቁ የጎረቤታቸው ልጅ ሰኢድ ድንገት አገኛቸው። ሰኢድ ጤና መኮንን ነው። ሽማግሌው የተማረ ሰው አይወዱም፤ ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጡ በየስብሰባው አንድ ደብተር ያነገበ ጎረምሳ በር ሥር ሲያስቀምጣቸው ኖሯል። አጠገባቸው የሟች ወንድማቸው ሚስት ዙቤዳ አዲስ ብርድ ልብስ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«አሰላሙ አለይኩም ኦቦ። ድግስ አለ እንዴ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ዙቤዳ የባሏን ሐዘን መቆያ፣ ዒዳዋን ጨረሰች፤ ታናሽ ወንድሜ ሁሴኖ ይወርሳታል። በል እንግዲህ ‹ጎጂ ልማድ› ብለህ ስበክ፤ ደመወዝህን የምትበላው ለዚሁ አይደል!»

ሰኢድ በድካም ፈገግ አለ። «ስብከቱ እኔንም ሰልችቶኛል። ሁለቱ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገዋል ወይ?»

«ወንድሜን ሳንባ ነው የገደለው። የሞተ ሰው ታማለህ?»

«ስለ ሟች አላነሳሁም። ሁሴኖ በሬ ሊሸጥ ዴራ ሲወርድ ብቻውን ነው የሚያድረው?»

ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት ይንሾካሾካል፣ ሽምግልና ላይ ሲቀመጥ ግን ሁሉም እግሩን ያያል።

«ዒዳው የሚጠበቀው ፅንስ ቢኖር እንዲታወቅ ነው» አለ ሰኢድ። «ታዲያ ይህም ይታወቅ። ቫይረሱ በመልክ አይለይም። ከሁሴኖ ወደ ዙቤዳ ወይም ከእሷ ወደ እሱ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ወደ ሩዋይዳ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ቢገኝባቸውም መድኃኒት አለ፤ በጊዜ የጀመረች እናት ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች።»

«የወንድሜን ልጆችስ ሜዳ ልጣላቸው?»

«አጎት ለመሆን አልጋ መጋራት ያስፈልጋል እንዴ ኦቦ?»

«እናንተ መቼም መልስ አታጡም!» አሉ ቱሳ በምሬት። ከዚያ ወደ ዙቤዳ ዞሩ። ስለ እሷ ያን ያህል ሲመከር እሷን የጠየቃት አልነበረም።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እመረመራለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ከተገኘብኝ መድኃኒቴን እየዋጥኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ባይገኝብኝም ግን ሁሴኖ ወንድሜ ነው። ባሌ አይሆንም።»

ቱሳ በረጅሙ ተነፈሱና ስልካቸውን አወጡ።

«ሁሴኖ፣ ኒካ ማሰሩ ቀርቷል። አትጩህብኝ! ጠዋት ሩዋይዳን ይዘህ ጤና ጣቢያ ና። የወንድማችንን መሬት አንተ ታርሳለህ፤ እህሉ የልጆቹ ነው።»

«የሰፈር መሳቂያ ሊያደርጉኝ ነው?» አለ ሁሴኖ።

«ይሳቁ። ስቀው ሲደክማቸው ይተዋሉ፤ አንተ ግን ልጅህን ታያለህ።»