የአማቴ የሽመና ክላስ

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች ያወራሉ።

«አማቴ ክላስ ጀመሩ» አለ አንደኛው።

«የእንግሊዝኛ?»

«የሽመና። የመካከለኛው ዘመን ሽመና፣ ከፈረንጆች ጋር።»

«እኒያ ‹ልጄን ለሸማኔ ልጅ አልድርም› ያሉት ሴትዮ?»

«እሳቸው ናቸው። አሁን አርት ነው ይላሉ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ? ክሩ ሲተበተብባቸው ኮል ያደርጉልኛል። ‹በደምህ ያለ ነገር ነው፣ ና አስተካክልልኝ› ይሉኛል።»

«ታዲያ ታስተካክላለህ?»

«በምን ችሎታዬ? አባቴ እኮ ‹አንተ ተማር› እያለ ወደ ሽመናው ጉድጓድ አላስጠጋኝም።»

«እንደሱ ብለህ ንገራቸዋ።»

«አንድ ቀን ዝም ብዬ ስነካካው ተስተካከለ። ‹አላልኩም?› ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። አሁን እንዴት አላውቅም ልበል?»

«እና ምን ይሻልሃል?»

«እንዳያዩኝ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄጄ ሬጅስተር አደረግኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽመና እማራለሁ።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«ኦቨርታይም ነው ያልኳት።»

እስክወርድ ድረስ የነጠላዬን ጥለት ሳገላብጥ ነበር።