ገና እየመረጥኩ ነው

ከዌስተርቪል ወደ ዳውንታውን በሚሄደው አውቶብስ ላይ፣ ከፊቴ ማስክ ያደረጉ ሁለት ሐበሾች፣ አንዲት ወጣት ልጅና አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ተቀምጠዋል። የተዋወቁት አሁን ነው። ልጅቷ ስኳር እንዳለባት ስትናገር ሴትየዋ «እኔም አለብኝ» አሉና ወሬው ደራ።

«ኢንሹራንስሽ ያ ዶክተሩን ራሱ መርጦ የሚመድብልሽ ነው አይደል? ርካሹ?»

«አዎ እትዬ።»

«የእኔ የፈለግኩት ዶክተር ጋ ያስገባኛል። ስንት ዓመት ዌርሃውስ ካርቶን እየተሸከምኩ የለፋሁበት ነው!»

«ታድለዋል።»

«የእናንተዎቹ ቀጠሮም አይሰጡም አሉ።»

«ኧረ የኢንሹራንሱ ነርስ ራሷ ኮል ታደርግልኛለች። ባለፈው ‹ዓይንሽ ከታየ ዓመት አለፈው› ብላ ቀጠሮ ያዘችልኝ።»

«ሳትጠይቂያት?»

«ሳልጠይቃት።»

«በእንግሊዝኛ?»

«የአማርኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ ታስገባለች።»

«ብትታመሚ ስለሚከስሩ ነው እንጂ ወደውሽ እንዳይመስልሽ።»

«ይሁና። ዓይኔ ግን ታየ።»

ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወዲያው መለስ ብለው፦

«ቶሎ ቶሎ ትደውላለች?»

«በየወሩ።»

«ትናንት መጥተሽ! እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር እንኳን ነርስ፣ የወለድኩትም በየወሩ አይደውልልኝ።»

«የእርስዎ ዶክተርስ ምን አሉ?»

«ዶክተር ሞልቷል። ገና እየመረጥኩ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኮሮና በፊት።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ። «እስቲ እዚያ ስክሪኑ ላይ ቀጣዩ ፌርማታ የቱ እንደሆነ አንብቢልኝ፤ ሰሞኑን ዓይኔ ብዥ ይልብኛል።»

እኔ ከኋላቸው ስልኬን አወጣሁና፣ ስትደውልልኝ ደጋግሜ የዘጋሁባትን የእኔዋን የኢንሹራንስ ነርስ ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ።