ሐኪም ያላየው ጨዋ

ራዲያ! ነይ ግቢ እስቲ፣ በር ላይ ቆመሽ አቧራ አትቃሚ። ይኼ የባቡር ቁፋሮ እኛን ሳይቀብር የሚያልቅ አይመስለኝም። ጠዋት ያራገፍኩት መደርደሪያ ይኸው ደግሞ ዱቄት መስሏል፤ ኮረሪማው ከአብሹ አልለይ ብሎኛል። ገበያ እንዴት ዋለ? … ያው ነው። የእኛም ያው ነው። ቁጭ በይ፣ እዚያች ጆንያ ላይ። አትፍሪ፣ አብሽ ነው፣ በርበሬ አይደለም፣ አያስነጥስሽም።

ሻሽሽ ግን እንዴት ያምራል! ማሻአላህ። እኔም ዛሬ ለብሼ ነው የወጣሁት፣ ጫማዬን አየሽው? ለሰርግ ካልሆነ አላወጣውም ነበር። ብቻ "እትዬ ሁሪያ፣ ወዴት ነው?" ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ቀጠሮ አለኝ… ማለቴ እኔ የለኝም፣ እኔ አጃቢ ነኝ።

ባለቤቴ? አለ፣ አልሐምዱሊላህ። እዚያ ከኋላ ነው፣ ከመጋረጃው ወዲያ። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ጆንያ እያጠፈ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንነግድ ጆንያ ሲያጥፍ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ሥራ ወዳድነት ቀን መርጦ ይመጣል ማለት ነው። ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ መሰለኝ፣ እንዳይረበሽ… ኧረ ተይው፣ እንደ ልባችን እናውራ። የምናወራው ስለ እሱ አይደለም።

እኔ የማወራሽ ስለ አንድ ሰውዬ ነው። አታውቂውም። ብታውቂውም አታውቂውም።

እንዴት ያለ ትሁት ሰው መሰለሽ! ድሮ አንዋር መስጊድ ጁምዓ ሲሰግድ ቦታው የመጀመሪያው ሶፍ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ኢማሙ ዞር ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት የእሱን ጢም ነው። ከዓምና ወዲህ ግን ምን ዓይነት ትሕትና እንደወረደበት እንጃ፣ ወደ ሁለተኛው ሶፍ አለ፣ ወደ አምስተኛው አለ፣ አሁን መጨረሻው ሶፍ ላይ፣ በሩ ጋ፣ ከውዱእ መታጠቢያው አጠገብ ነው የሚቆመው። ጫማ ጠባቂው እንኳ ይቀድመዋል። "ምነው?" ሲሉት "ፊተኛውን ለሽማግሌዎች ልተውላቸው ብዬ ነው" ይላል። ሰውዬው እኮ ስልሳ አምስት አልፎታል! ከእሱ ወዲያ ሽማግሌ ከየት ይምጣለት?

ንጽሕናውስ! ውዱእ እንደ እሱ የሚወድ ሰው አላየሁም። አድርጎ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ያደርጋል። ኢማሙ ኹጥባውን ተናግረው እስኪጨርሱ ስንቴ እንደሚወጣ ብትቆጥሪ ይደክምሻል። አላህ ይቀበለው። መርካቶንም ቢሆን እንዴት አድርጎ እንዳወቀው! ከሰባተኛ እስከ አውቶቡስ ተራ ሽንት ቤቱ የሚከፈተው የትኛው ሕንጻ እንደሆነ፣ የትኛው ዘበኛ እንደሚግባባ፣ የትኛው እንደሚያስቸግር ጠይቂው። ድሮ ሰው ወደ እሱ የሚመጣው የበርበሬ ዋጋ ሊጠይቅ ነበር።

ይልቅ አንጀቴን የሚበላኝ… ሴት ልጁ፣ ስሟ ጠፋኝ፣ ምላሴ ላይ ነበር፣ ኮምቦልቻ ወልዳለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው። እስካሁን ሄዶ አላየውም። አውቶቡስ እሱ በፈለገው ቦታ አይቆምማ! እሱ ግን "ሱቁን ለማን ጥዬ?" ይላል። ሚስቱ ብቻዋን ሄዳ ሕፃኑን አይታ መጣች። ልጅቷ "አባዬስ?" ስትላት የሕፃኑን መጠቅለያ ፈትታ እንደገና ትጠቀልል ጀመር። አየሽ፣ ለሱቅ እንዲህ የሚያስብ አባት ማግኘት ዕድል ነው። ምን ይደረግ።

ሚስቱማ አላስቻላት ብሎ፣ ሳታፍር፣ ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄዳ ጠየቀች። ወንድ ወደ ችሎት ሴት ወደ ማጀት ይባል የለ? አሁን ወንዱ ማጀት ገብቶ ሴቷ የወንድ ሐኪም ጋ ወረፋ ትይዛለች። ዶክተሩ ግን ጥሩ ልጅ ነው፣ አስረዳት። ወንድ ልጅ ዕድሜው ሲገፋ፣ ከፊኛው ሥር ፕሮስቴት የሚሏት ዕጢ አለች፣ እሷ ታብጥና ሽንቱን ታንቀዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለችም፣ መድኃኒት አላት። አንዳንዴ ግን ክፉው ይገባባታል፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ከታየ ይድናል። ካልታየ… ካልታየማ ያው አልታየም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚባለው። የእኛ ሰውዬ ቅጠሉን ራሱ ስለሚሸጥ ይመስለኛል የናቀው። ጥቁር አዝሙድ በማር ይልሳል። ከሞት በቀር የሁሉ መድኃኒት ነው ተብሏል፣ እኔም አምናለሁ፣ ወላሂ። እሱ ግን "ከሞት በቀር" የምትለዋን ዘለላት።

አንድ ቀን ታዲያ ተሳካላት፤ "እሺ፣ እመረመራለሁ" አለ። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠዋት ሽንት ያምጣ ብሎ ትንሽ ዕቃ ሰጣት። ደስታዋ! ሰደቃ አወጣች። በነጋታው ዕቃዋን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ሲሄድ በዓይኗ አየችው። ውጤቱ መጣ፤ ንጹሕ! ስኳር የለ፣ ደም የለ፣ ምን የለ። ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ ለበርበሬ ተራ በሙሉ አወራ። "ዶክተሩ ይኼማ የጎልማሳ ሽንት ነው አለኝ" አለ።

ዶክተሩ አልተሳሳተም፣ ራዲያ።

ከዚያ ይመር መጣ። ይመርን ታውቂው የለ፣ ተሸካሚው፣ ያ ኩንታል እንደ ትራስ ጫንቃው ላይ ጥሎ የሚያፏጨው የወሎ ሰው? ሚስትዮዋን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "እትዬ፣ የኔ ነገር ምን ተባለ? ጋሼ ሽንትህን ላስመርምርልህ ብለው ተቀብለውኝ ነበር፣ መልሱን ሳይነግሩኝ ቀሩ። ክፉ ነገር ተገኝቶብኝ ደብቀውኝ ይሆን?" አላት። ምስኪን፣ የሦስት ልጆች አባት፣ እህል አልዋጥልህ ብሎት ከርሟል። ሚስቱ ምን ትበለው? "አይዞህ ይመር፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጤና ተገኝቶብሃል" አለችው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲሉ እሰማ ነበር። ይመር በሸና ሰውዬው ሲመሰገን ግን ያየሁት አሁን ነው።

አትሳቂ እንጂ! … ግን አየሽ የነጋዴን ነገር? ለደንበኛ ናሙና ሲያወጣ ኖሯል፤ ናሙና ደግሞ ምንጊዜም ከደህናው ጆንያ ነው የሚዘገነው። ሐኪሙም ደንበኛ መሰለው! ናሙናውን አሳምሮ ከላከ ዕቃው የሚያልፍለት መሰለው። ዶክተሩ ሊገዛው ነው እንዴ? በዚህ ዕድሜውስ ማን ይገዛዋል?

ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች። እዚህ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት… ማለቴ እንዲህ ያለ ጆንያ ላይ ወድቃ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም፣ አለቀሰች። እንዲህ የሚያደርገው የፈራ ሰው ነዋ! እሳት ሲነሳ፣ ዘራፊ ሲመጣ፣ ግብር ሲከመርበት ፈርቶ አታውቀውም፤ እሱ ከፈራ እሷ በምን ትጽናና? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሰው ጤና የደበቀውንስ ምን ይሉታል?

አሁን ዶክተሩ ይህን ስትነግረው "ሽንቱ ይቅርብኝ፣ ሰውየውን ራሱን አምጡልኝ" ብሏል። ደም ይቀዳል፤ ከዚያ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ጓንት አድርጎ በጣቱ ዕጢዋን ነካ አድርጎ ያያታል፤ ደቂቃም አይሞላ። ሰውዬው ይህን የሰማ ዕለት ፊቱን ባየሽው! "ወንድ ልጅ እንዲህ ተደርጎ!" አለ። ልክ ነው፣ ክብር ነው፣ ማን ይፈርድበታል? ግን እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይኸው ሰውዬ ጥቁር አዝሙድ ሲገዛ እንዴት አድርጎ ነው የሚገዛው? ባላገሩ "ጋሼ፣ ከላይ ይዩት፣ ንጹሕ ነው" ሲለው ይሰማዋል? እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ነው የሚከተው! "ከላይ ያለው ለእንግዳ ነው፣ እውነቱ ታች ነው" ይላል። ስንቱን ጆንያ አንጀቱን በርብሯል! ጆንያው "እኔም ክብር አለኝ" ብሎት ያውቃል? ዶክተሩ እኮ ክርን አላለም፣ እናቴ። አንድ ጣት ነው ያለው!

ደግሞ የጋሼ ባህረዲንን መጨረሻ እያየ። ያ ፊት ለፊት የተዘጋው ሱቅ የማን ነበር? እሳቸውም ሽንት ሲያመላልሳቸው "ብርድ ነው" ይሉ ነበር። ወገባቸውን ሲያማቸው "ከሸክም ነው" አሉ፤ ሸክም ከተዉ ስንት ዘመናቸው! ሐኪም ቤት የገቡት ሰው ደግፏቸው ነው፤ ያን ጊዜ ያ ክፉው አጥንት ውስጥ ገብቷል ተባለ። ታዲያ የእኛ ሰውዬ ቀብራቸው ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? "ምነው ቀደም ብለው በታዩ ኖሮ!" በጆሮዋ የሰማች አለች። ምክር እንዴት ያውቅበታል መሰለሽ! ለሞተ ሰው እንኳ አይሰስትም።

ስንት ሰዓት ሆነ? … ስምንት ተኩል? ቀጠሮው እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚህ ቁፋሮ ታክሲ እስኪገኝ ደግሞ… ሚስቱ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችው ነው አሉ። አትሠራ፣ ቤቷ አትገባ፣ ዝም ብላ ለጎረቤት ወሬ እያወራች። እሱ ግን ሥራ ይዟል።

ሰማሽ? ጆንያ መታጠፉ ቆመ። … አለቀ ይሆናል። … ሳል ነው? አቧራው ነው፣ አቧራው።

እኔ እንግዲህ በሰው ቤት አልገባም። ትልቅ ሰው ነው፣ ጎትተው አይወስዱት፤ ይመርን "ተሸከምልኝ" ብትለው ደግሞ ይመር ለዚህ ሰውዬ ያላደረገለት ነገር የለም፣ ይበቃዋል። የቀረን ዱዓ ብቻ ነው። እጅሽን አንሺ እስቲ ራዲያ፣ አንድ ላይ እናድርግለት።

አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። ክብሩን ይጠብቅለት፣ የሐኪም ዓይን አይረፍበት፣ የማንም ጣት አይድረስበት። የልጅ ልጁን ያሳድግለት፤ አያቱን በፎቶ እያየ "ምን ዓይነት ጨዋ ነበሩ!" የሚል ልጅ ያድርግለት። ሚስቱንም ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጣት፣ ለብቻ መተኛትን ያስለምዳት። ቀኑ ሲደርስም፣ ለማንም አይቀርም መቼም… ጀናዛውን የሚያጥቡለትን ሰዎች እጃቸውን ለስላሳ፣ ውሃቸውን ለብ ያለ ያድርግለት፤ እነሱ እንደ ዶክተሩ "ይፈቅዱልኛል ወይ?" ብለው አይጠይቁምና።

አሚን በይ እንጂ።